ለአንቴና የተቆረጠ ማንኪያ

ሸረፋ በገዛ እጁ የፈጠረውን የአንቴና ገመድ ማገናኛ አጥብቆ ሲያስር፣ ከቡታጅራ እስከ ቆሼ ያለው ነፋስ በሙሉ ቀጥ አለ። ለእሱ እንዲያ ነው የተሰማው። ነሐሱን ራሱ ቶርኖ ላይ ቀርጾታል፤ የመሃሉን ሽቦ ከነሐሱ የሚለየው ቀለበት ግን ከፕላስቲክ በሠራው ቁጥር እየቀለጠ አስመርሮት፣ ዛሬ ከቀንድ አወጣው። ይህም እምቢ ካለ የከተማዋ ትንሽ ሬዲዮ ጣቢያ ድምጿ እንደተዘጋ ይቀራል። «ገና ቻይና መጥታ ከእኔ ትማራለች» ሲል የከረመው ሸረፋም በገበያ ቀን በአስፋልቱ ማለፍ አይችልም።

«የአረፋ ማንኪያዬን አይተሃል?» አለች ሚስቱ ነፊሳ፣ የወርክሾፑ በር ላይ ቆማ። ከእናቷ የመጣ፣ ለአረፋ በዓል ክትፎ የሚበላበት የቀንድ ማንኪያ ነበር። አሁን እጀታው ተቆርጦ፣ ጎድጓዳው ብቻ ቶርኖው ሥር ወድቆ ሁለቱንም ያያቸዋል።

«ሥራ ላይ ነው» አለና ሳያያት፣ ለሙከራ ከጣቢያው ያመጣውን ማሰራጫ አበራ። ተመላሹን ሞገድ የሚለካው መርፌ ተንቀጠቀጠ፣ ከዚያ እንደ ጠገበ ጥጃ ዜሮው ላይ ተኛ፤ ማገናኛው ሠርቷል። ሸረፋ እልል ሊል አፉን ከፈተ፤ የሚስቱን ዓይን አይቶ መልሶ ዘጋው።

ነፊሳ መርፌውን አየች፤ ወለሉንም አየች። «የገመዱ ጫፍ ስንት ነው?»

«ሁለት» አለ ድምፁ ቀጥኖ። «ያኛውም ማገናኛ አርጅቷል፤ ዛሬ ነገ እያለ ነው።»

«ታዲያ ትናንት ስትሰርቀኝ ለምን አንዱን ብቻ ወሰድክ?» አለችና፣ ከሻሿ ሥር የዚያኑ ማንኪያ ጥንድ፣ ሁለተኛውን የቀንድ ማንኪያ አውጥታ ቶርኖው ላይ አስቀመጠችለት።