ክንድ ፍለጋ

መሰረት ቡራዩ ወዳለው መዋኛ የምትመጣው ለመዋኘት አልነበረም። የሰው ክንድ ለማየት ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ታናሽ ወንድሟ ኦላና ሳቂታ ልጅ ነበር። አንድ የላይ የፊት ጥርሱን ኳስ ሜዳ ላይ የሰው ክርን አውልቆበት፣ በሳቀ ቁጥር "በሩን ዝጋው፣ ብርድ ይገባል" ትለው ነበር። በማስተር ፕላኑ ረብሻ ጊዜ፣ ታኅሣሥ ላይ፣ ፊታቸውን በሻርፕ የሸፈኑ ሦስት ሰዎች በጠዋት በራቸውን አንኳኩ። ኦላናን ከአልጋው ጎትተው ሲያወጡት ከሦስቱ አንዱን ግራ ክንዱ ላይ ነከሰው። ሰውዬው ጮኸ፤ ደሙ ደጃፉ ላይ ተንጠባጠበ። በአራተኛው ቀን የኦላና ሬሳ መጣ።

መሰረት አቤት ያላለችበት ቢሮ የለም። ሁሉም ጋ መልሱ "ነገ ነይ" ነው። ነገ፣ ነገ ሲሏት ስድስት ወር አለፈ። በመጨረሻ ተወቻቸውና ያንን ንክሻ ራሷ ልታገኘው ማለች። ግን በዚህ ብርድ አገር ማን እጅጌውን ሰብስቦ ይሄዳል? አሰበች፣ አሰበችና ሰው ሁሉ ክንዱን ገልጦ የሚታይበት ቦታ አንድ ብቻ ሆኖ አገኘችው፤ መዋኛ።

ስምንት ወር ተመላለሰች። ዋና ስለማትችል አሰልጣኙ ሰለሞን አስተማራት። ሰለሞን ቱታውን እስከ አንገቱ ቆልፎ፣ ፊሽካውን አንጠልጥሎ፣ ከዳር በረጅም እንጨት እየጠቆመ ነው የሚያስተምረው። ውሃ ውስጥ ገብቶ አያውቅም። ውሃ ውስጥ ኤሮቢክስ የሚሠሩትን ሴቶች የምትመራው የሺወርቅ፣ ኮቻችን ውሃ ይፈራል፣ ሻወርም የሚወስድ አይመስለኝም እያለች ሴቶቹን በሳቅ ትገድላቸዋለች። እሱም አብሮ ይስቃል።

ጠዋት ጠዋት ውሃው የሁሉም ነው። በጥልቁ በኩል ወጣቶች ከግድግዳ ግድግዳ ይመላለሳሉ፤ መሰረትም ከእነሱ ጋር። ከጥልቁ ወዲህ፣ ውሃው ደረት በሚደርስበት፣ እነየሺወርቅ በሙዚቃ ይዘላሉ። ከእነሱ ጎን ደግሞ ጋሽ ወርቁ ይራመዳሉ፤ ያውም ወደ ኋላ። ለጉልበታቸው ሐኪም ያዘዘው ነው። ዋና የሚባል አያውቁም። ጥልቁን የሚለየው ተንሳፋፊ ገመድ ጀርባቸውን እስኪነካቸው ወደ ኋላ ይሄዳሉ፤ ሲነካቸው ወደ ፊት ይመለሳሉ። ከገመዱ በኋላ ወለሉ በአንዴ ይዘቀዝቃል። እሳቸው ግን አንድም ቀን ዞር ብለው አያዩም፤ ገመዱን ያምናሉ።

ጋሽ ወርቁ ታዲያ ውሃ ውስጥም እጅጌው ረጅም ሸሚዝ አያወልቁም። ውሃው እጅጌያቸውን ሲያነሳባቸው ፈጥነው ይጎትቱታል።

መሰረት ይህን ካየች ወዲህ ደሟ ፈላ። አንድ ጠዋት ደግሞ ሰፈሯን ጠይቀዋት፣ ገፈርሳ በኩል ነው ስትላቸው፣ ያን ሰሞን እዚያ ብዙ ልጅ ታፈሰ አይደል ልጄ አሏት።  ሰለሞንን በዘዴ ጠየቀችው። ግራ ቀኙን ቃኝቶ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

"እሳቸው? ያኔ ብዙ በር ያንኳኩ ሰው ናቸው ይባላል። ጉልበታቸውስ የት የተጎዳ ይመስልሻል? ብቻ ከእኔ እንዳልሰማሽ።"

ከዚህ በላይ ምን ምስክር ያስፈልጋል?

ማክሰኞ ከሁሉም ቀድማ ገባች። የገመዱን አንድ ጫፍ ከግድግዳው ቀለበት ፈታችው። ገመዱ ቀስ እያለ ወደ ጥግ ተንሳፈፈ።  ፍርድ ያጣሁት እኔ ነኝ፣ ፈራጇም እኔ ልሁን አለች በልቧ።

ሰዉ ገባ፣ ሙዚቃው ተከፈተ። ሰለሞን ከስፒከሩ ጋር ይታገላል። ጋሽ ወርቁ እንደ ልማዳቸው "አካም ቡልቴ፣ ልጄ፣ እንዴት አደርሽ?" ብለዋት ወደ ውሃው ወረዱ። ጀርባቸውን ሰጥተው መራመድ ጀመሩ፤ ከንፈራቸው እርምጃ ይቆጥራል። መሰረት ከጥልቁ በኩል እየዋኘች በመነጽሯ ውስጥ ተረከዛቸውን ትከተላለች። ተረከዙ ጠርዙ ጋ ደረሰ። ጠርዙን አለፈ። ሰውዬው ድምፅ ሳያሰሙ ወደ ታች ሄዱ።

መሰረት አልቆመችም። ከግድግዳ ግድግዳ አንድ ዙር ዋኘች። ከዚያ ሁሉ ወር በኋላ አንጀቷ ቅቤ ጠጣ።

"ኧረ ሰውዬው ሰጠሙ!" አለች የሺወርቅ።

ሰለሞን ዞር አለ። ፊሽካውን ወረወረ፣ የቱታውን ጃኬት ገፍፎ ጣለና ዘለለ። ለካ ዋናተኛ ነው፤ በሁለት ትንፋሽ ደርሶ አወጣቸውና ዳር ላይ አስተኝቶ ደረታቸውን ይጫን ጀመር። መሰረትም ከውሃው ወጥታ ሰዉን እየገፋች ቀረበች። ማየት አለባት፤ ስምንት ወር የፈለገችው ነገር ነው።

የጋሽ ወርቁ እጅጌ እስከ ትከሻቸው ተሰብስቧል። ክንዳቸው ላይ የጥርስ ምልክት የለም። ለምጽ ነው ያለው፤ ከአንጓቸው እስከ ትከሻቸው የነጣ ለምጽ፣ ሰው እንዳያይባቸው ሲሸፍኑት የኖሩት።

መሰረት አጠገባቸው ተንበረከከች። ደግነቱ ሰውዬው ውሃ ተፉ፤ ተነፈሱም።

ደረታቸው ላይ ባረፈው የሰለሞን ራቁት ግራ ክንድ ላይ የጥርስ ጠባሳ በግማሽ ክብ ተደርድሯል፤ መሃል ላይ የአንድ ጥርስ ቦታ ክፍት ነው።