የማይለወጠው ጃኬት

በቼንግዱ ከተማ ጎህ ሲቀድ ልብስ ሁሉ ራሱን ወደ ዕለቱ ፋሽን ይለውጣል። የሹዪን እናት የሰው መልክ መለየት ከተሳናቸው ወዲህ ሰውን የሚያውቁት በልብሱ ነው። ስለዚህ ልጃቸውን በየቀኑ፣ «አንቺ ደግሞ የማን ልጅ ነሽ?» ይሏታል።

ሹዪን ከአሮጌ መጋረጃ የማይለወጥ ሰማያዊ ጃኬት በእጇ ሰፋች። ጎረቤቷ ደረጃው ላይ አይታት በሳቅ ፈነዳች።

«ኧረ አንቺ ልጅ! ፋሽኑ ያለፈበት ለብሰሽ የባቡሩ በር አይከፈትልሽም እኮ!»

«በእግሬ እሄዳለሁ።»

አሥራ ሰባት ቀን ሙሉ አንድ ሰዓት ተኩል እየተጓዘች የእናቷን በር አንኳኳች። በአሥራ ስምንተኛው ቀን እናቷ ከላይ እስከ ታች አይተዋት ፊታቸውን አጨፈገጉ።

«ትናንትም ይህንኑ ነበር የለበስሽው። ሌላ ልብስ የለሽም እንዴ፣ ሹዪን?»

«የለኝም፣ እማዬ» አለች እንባዋን ውጣ። «ነገም ይህንኑ ነው የምለብሰው።»