ካፊያ ያራሰው ሣር

እንግሊዝ አገር የሣር ሜዳ ቴኒስ የሰኔ ሰሞን ወግ ነው፤ ወር ሳይሞላው ያልፋል። በሌላው ጊዜ ማንም ዞር ብሎ የማያያት የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ በዚያ ሰሞን «የኛ ልጅ» ትባላለች። ጋዜጣው፣ ጎረቤቱ፣ አውቶቡስ ነጂው ሳይቀር «ዘንድሮ አታሳፍሪንም» ብሏታል።

ዛሬ የመጀመሪያውን ዙር ተሸንፋ በሁለተኛውም እየተመራች ነው። ኳሷ መረቡ ላይ በቀረች ቁጥር ተመልካቹ ባንድ አፍ «እህህ» ይላል። ቢሰድቧት ትችለው ነበር፤ ማዘናቸው ግን እጅ እግሯን አሰረው። መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች።

መሬት ባትከፈትም ካፊያ ያራሰው ሣር አዳለጣት። ቀኝ ቁርጭምጭሚቷን ይዛ ጮኸች፤ ጨዋታው ተቋረጠ። ያ ሁሉ ሰው ከመቀመጫው ተነስቶ ከሜዳው እስክትወጣ ድረስ አጨበጨበላት።

ሽበታሟ ወጌሻ የሕክምና ክፍሉን በር ዘግታ ጫማዋን ቀስ ብላ አወለቀችላት።

«እዚህ ጋ ያምሻል?»

«በጣም።»

«እዚህስ?»

«እሱማ ይብሳል!» አለች፣ እንባዋ ዱብ ዱብ እያለ።

ወጌሻዋ ሌላ አልጠየቀችም። በረዶ ያዘችላትና ፋሻውን ጠበቅ አድርጋ ጠቀለለችላት። ከበሩ ውጭ ጋዜጠኞች ይተራመሳሉ። ልጅቱ እንባዋን ጠርጋ፣ እያነከሰች ወደ በሩ ስትራመድ ሴትዮዋ ክንዷን ያዝ አደረገቻት።

«የኔ ልጅ፣» አለቻት ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «እኔ ያሰርኩት ቀኙን ነው፤ አንቺ የምታነክሺው በግራሽ ነው። በሩን ሳትከፍቺ እግር ቀይሪ።»