መስታወቱን በካውያ የሰበረው ወንድም

«ከዛሬ ጀምሮ ወንድም የለኝም! ውጣልኝ!»

ታላቅየው በሩን በታናሹ ላይ ድርግም አደረገው...

የተጣሉት በመኪና ነው። አዎ፣ በመኪና!

አባታቸው ሲሞቱ አንዲት አሮጌ መኪና ትተው ነበር። ሰፈሩ «አሮጊቷ» ይላታል። ሽማግሌው ከልጆቻቸው ቀጥለው የሚወዷት... ኧረ እውነቱን እንነጋገር፣ ከልጆቻቸው አስበልጠው ነበር የሚወዷት።

መኪናዋን ለታላቅየው ተናዘዙለት።

ታናሽየው ልብስ ሰፊ ነው። እስከ መጨረሻው ያስታመማቸው፣ የአሮጊቷን ኮፈን ከፍተው ሲጎረጉሩ መብራት ይዞ አጠገባቸው የሚቆመው እሱ ነበር። ከፋው። የማይባል ነገር ተባባሉ።

ከዚያ በኋላ ነው ነገሩ መክፋት የጀመረው...

ታላቅየው አሮጊቷን ጋራዥ አስገብቶ ሙሽራ አስመሰላት። አዲስ ባትሪ፣ አዲስ ካንዴላ... ካርቡሬተሯ ታጠበ፣ ቀለም ተቀባች።

የመስኮቶቿ ጎማ ሳይቀር ተቀየረ። ሽማግሌው በዝናብም በብርድም መስኮት ከፍተው ነበር የሚነዱት። ታላቅየው በዚህ ሲስቅባቸው ኖሯል፤ «አባባ ነፋስ ያሳድዳል» ይል ነበር።

መካኒኩ ግን ኮፈኑን ሳይዘጋ ቆመ።

«ጋሼ፣ ሞተሯ ስትነሳ ጠቅ ጠቅ ትላለች። እንፈትሻት?»

«ስትሞቅ አይተዋትም?»

«ይቀንስላታል...»

«በቃ እርጅና ነው። ዝጋው።»

ተዘጋ።

የታላቅየው ትንሿ ልጅ ከኋላ ወንበር ተቀምጣ ትምህርት ቤት መመላለስ ጀመረች።

መጀመሪያ «ራሴን አመመኝ» አለች።

ከዚያ ማስመለስ መጣ።

ከዚያ ደግሞ እንቅልፍ... ቤት ሲደርሱ ተሸክመው ነው የሚያወርዷት።

የሚገርመው፣ ቅዳሜና እሁድ ምንም አይላትም! ስትሯሯጥ ትውላለች።

«ትምህርት ጠልታ ነው» አለ አባቷ። እናቷ ግን ልቧ አላረፈም።

አንድ ምሽት ታናሽየው የግቢውን በር ደበደበ።

«ልጅቷን በዚያች መኪና አታሳፍራት! አባባ እኮ...»

«በልጄ ትዝትብኛለህ?!»

አላስጨረሰውም። በሩን ዘጋበት። ስልኩንም ብሎክ አደረገው።

ታናሽየው ከበሩ ማዶ የሆነ ነገር እያለ ይጮሃል... ውሻው ስለጮኸበት ምን እንዳለ የሰማ የለም።

«የሱ ክፉ ዓይን ነው ልጄን የሚያሳምማት። ምቀኛ!» አላት ለሚስቱ።

የአብዬን ወደ እምዬ ማለት ይሄ ነው...

ከዚያ አንድ ቀን ከትምህርት ቤት መልስ ዝናቡ ወረደ።

አባትየው መድኃኒት ቤት በር ላይ አቆመ። ለልጁ የራስ ምታት ክኒን ሊገዛ!

አሮጊቷ ከሞቀች በኋላ ካጠፏት ቶሎ አትነሳም። ስለዚህ ሞተሯን ሳያጠፋ፣ መስኮቱን ግጥም አድርጎ፣ በሩን በትርፍ ቁልፍ ቆልፎ ገባ።

ልጅቷ ከኋላ ተኝታለች።

ውስጥ ሰልፍ ነበር...

ከመንገዱ ማዶ ደግሞ የታናሽየው ስፌት ቤት አለ።

ኳ!!!

አባትየው ሮጦ ወጣ። ወንድሙ የኋላውን መስታወት በካውያ ሰብሮ፣ ግማሽ አካሉን መኪናው ውስጥ ከትቶ ልጅቷን ይጎትታል!

«ልጄን! ያዙልኝ!»

ሰው ሲረባረብ ታናሽየው ልጅቷን አውጥቶ መሬት ላይ አስተኝቷት ነበር። ታላቅየው ወንድሙን ፊቱ ላይ በቡጢ አለው። ፖሊስ ደርሶ ታናሽየውን በካቴና አሰረው።

እየወሰዱት ይጮሃል...

«እኔን ተዉኝ! ልጅቷን አየር ስጧት! ሆስፒታል ውሰዷት!»

ያኔ ነው አባትየው ልጁን ያቀፋት። አንገቷ ተንጠለጠለ።

ስሟን ጠራ... ዝም።

ደግሞ ጠራ... ዝም!

ሆስፒታል ኦክስጅን ሰጧት። እሱ ኮሪደሩ ላይ ቆሞ የሚያውቀው ጸሎት ሁሉ ጠፋበት።

ሐኪሟ ወጣች።

«የመኪና ጭስ ነው። ከጭሱ ጋር የሚወጣው መርዝ ሽታም ቀለምም የለውም፤ ከአዋቂ ይልቅ ሕፃንን ቶሎ ይጥላል። ትንሽ ብትቆይ ኖሮ አናተርፋትም ነበር። ማነው ያወጣት?»

 

ልጅቷ ዓይኗን ስትገልጥ እናቷን አጠገቧ ትቶ ወደ ፖሊስ ጣቢያ በረረ።

ታናሽየው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጧል። አንድ ዓይኑ አብጦ ተደፍኗል፣ እጁ በመስታወት ተቆራርጧል።

ታላቅየው አፉን ሳይከፍት እሱ ቀደመው።

«ነቃች?»

ታላቅየው እግሩ ላይ ወደቀ...

ያን ምሽት የጀመረውን ነገር ታናሽየው እዚያ ወንበር ላይ ጨረሰለት።

«የጭሱ ቱቦ ከሞተሩ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ላይ ተሰንጥቋል። ጭሱ ወደ ውስጥ ይገባል። አባባ ዛሬ ነገ አስበይደዋለሁ እያለ ነው መስኮት ከፍቶ የሚነዳው። ሞት ቀደመው።»

«ታዲያ ለምን ቀድመህ አልነገርከኝም?»

ታናሽየው አቀረቀረ።

«ተናድጄ ነበር። ወርሷት የለ፣ እዳው ነው፣ ራሱ ይወቀው አልኩ። በኋላ ግን መስኮቱ ተዘግቶ፣ ልጅቷን ከኋላ ሳያት... እንቅልፍ አጣሁ። መጣሁ። አላስጨረስከኝም።»

ሁለቱም አለቀሱ። ፖሊሱ ሳይቀር ፊቱን አዞረ።

ወዳጆቼ... ሞተሯ ጠቅ ጠቅ ብላ ተናግራ ነበር። ልጅቷም ተናግራለች። ሰሚ ነው የጠፋው!

ከወንድም ጋር መጣላት ያለ ነው። ተጣሉ! ግን የጀመረውን እስኪጨርስ ስሙት። እናንተም የተናደዳችሁት፣ የሰው ሕይወት የያዘ ነገር በሆዳችሁ ይዛችሁ አታኩርፉ።

(አሮጌ መኪና ያላችሁ ደግሞ የጭስ ቱቧችሁን ዛሬውኑ አስፈትሹ። አደራ!)

አሁን ፍረዱ... ከሁለቱ ማን ይበልጥ አጠፋ? ያላስጨረሰው ታላቅ ወይስ በንዴት የዘገየው ታናሽ?

እኔ ፍርዴን ይዣለሁ። እናንተስ?