ከለንደን እስከ ኦሽ

አጎቱ መኪናውን መንደሩ መግቢያ ላይ ሲያቆመው ቱራት አላስችል አለው። ከለንደን እስከ ትውልድ አገሩ ከተማ ኦሽ ስድስት ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል የበረረው፣ ኢስታንቡል ላይ አውሮፕላን ሲቀይር የባከነውን ሰዓት እየረገመ የመጣው፣ የታመመች እናቱን በሕይወት ለማግኘት ነበር።

«ደረስን እኮ፤ ይንዱት እንጂ አጎቴ!»

አጎቱ ከአውሮፕላን ማረፊያው ጀምሮ ሲቀልድበት ነበር። «አንገትህ የዝይ አንገት መስሏል! እዚያ አገር ምግብ የለም? እህቴ የፈረስ ሥጋ አብልታ ታወፍርሃለች» ሲለው ነበር። አሁን ግን ቀልዱን ትቶ ወረደና ከኋላ ወንበር ሁለት መቀነቶች አወጣ። አንዱን ራሱ ታጠቀ፤ ሌላውን በቱራት ወገብ ላይ ጠመጠመ። በአገራቸው ወንድ እንዲህ የሚታጠቀው ለአንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሰው ሲሞትበት።

«መቼ ነው?» አለ ቱራት።

«አንተ ከለንደን ሳትነሣ።»

«ታዲያ ለምን ደበቃችሁኝ? መንገዱን ሙሉ እንድትቆየኝ ፈጣሪን እየለመንኩ ነበር እኮ!»

«ሰማይ ላይ ብቻህን ሆነህ ማን ደግፎ ይይዝህ ነበር ልጄ?» አጎቱ ቋጠሮውን አጠበቀለት። «በል፣ ከዚህ ጀምሮ እየጮኽክ ነው የምትገባው። ‹ወይኔ እናቴ› በል። ወንዶቹ ደጅ ቆመው ድምፅህን እየጠበቁ ነው።»

ከቤታቸው ፊት የለቅሶው ነጭ የሱፍ ድንኳን ተተክሏል። ቱራት አፉን ከፈተ፤ ጩኸቱ ግን እምቢ አለው። ከአውሮፕላን በወረደ ቁጥር በስልክ እንደሚላት፣ ቀስ ብሎ፣

«እማ፣ በሰላም ገባሁ» አለ።