ለብ ያለው ጠበል

በዚያ ብርዳም አገር ወንዙ ከዳር እስከ ዳር በረዶ ሆኖ ሳለ፣ ጋሽ ልሳኑ ለታመመችው ወጣት ያሳዩአት ጥግ ብቻ እንፋሎት ያወጣ ነበር። «ጠበል ፈልቆልናል» ብለው ለከተማው ሐበሻ ያበሰሩት እሳቸው ናቸው። እሷም የኩላሊት መድኃኒቷን ትታ፣ ብርዱ ከገባ ጀምሮ ለብ ባለው ውሃ ስትጠመቅ ከረመች። እግሯ እያበጠ ሲሄድ እንኳ «በሽታው ሊለቅሽ ነው» ሲሏት አመነቻቸው።

ዛሬ ከውሃው ስትወጣ ጋቢያቸውን አለበሷት።

«ነገ እንዳትመጪ፣ ልጄ። ውሃው በረዶ ይሆናል።»

«በምን አወቁ፣ ጋሼ? ሱባኤዬን አልጨረስኩም እኮ።»

«ትናንት የሥራ ፈረቃዬ ላይ አለቆቻችን ነገሩን» አሉ፣ ከወንዙ ማዶ ያለውን የኃይል ማመንጫ በአገጫቸው እያሳዩ። «ማሽኑ ለጥገና ሊቆም ነው፤ የሞቀውን ውሃ ወደ ወንዙ አንለቅም።»

ውሃ እያንጠባጠበች ጋቢውን አውልቃ መለሰችላቸው።