ደቡብ አፍሪካ ያለው ልጅ

ሴትዮዋ የሰው አፍ ፈርታ ልጇን ጓሮ ካለችው ክፍል ከደበቀችው ሰባት ዓመት ሆናት። ምንተስኖት አእምሮው የታወከው ዩኒቨርሲቲ ሳለ ነበር። ከዚያ ወዲህ «ልጅሽ የት ገባ?» ላላት ሁሉ «ደቡብ አፍሪካ ሄዷል፤ እየረዳኝ ነው» ስትል ኖረች።

ዘንድሮ ግን ጉልበቷ ከዳት። ያኔ ሐኪም የጻፈለትን ወረቀት በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ወረዳ ሄደችና፣ ልጇ የመንግሥት ድጋፍ እንዲያገኝ አመለከተች። «ልጄ አእምሮውን ታሟል» የሚለው ቃል ከአፏ ሲወጣ ያ የመጀመሪያው ነበር።

በወሩ ስትመለስ ሠራተኛው ፋይሉን ገለጠ።

«እናቴ፣ ሰፈርዎ ሰው ልከን አጣርተናል። ልጅዎ ደቡብ አፍሪካ ሆኖ እንደሚረዳዎ ሦስት ጎረቤቶች ፈርመዋል።»

«ቤት ነው ያለው፤ መጥታችሁ እዩት።»

«የዘንድሮው ዝርዝር ተዘግቶ ወደ በላይ አካል ሄዷል። ለከርሞ ይሞክሩ።»

እግሯን እየጎተተች ሰፈር ስትደርስ፣ ግድግዳ የምትጋራት ይርገዱ በሯ ላይ ቆማ ስትጠብቃት አገኘቻት። ክንዷን ይዛ ድምጿን ዝቅ አደረገች።

«የምንተስኖት እናት፣ ሰሞኑን አንድ የወረዳ ሰው መጥቶ ‹እዚህ ቤት የአእምሮ ሕመምተኛ አለ ወይ?› ብሎ ሲጠይቀን፣ አፋችንን ሞልተን ‹የለም፤ ልጇ ደቡብ አፍሪካ ነው› አልነው፤ ፈረምንለትም። ጩኸቱን መስማት ከጀመርን ሰባት ዓመታችን ነው፤ አንድ ቀን ለሰው ትንፍሽ ብለን እናውቃለን? ገመናሽ ገመናችን ነው።»

ሴትዮዋ በእጇ የያዘችውን የሐኪሙን ወረቀት ነጠላዋ ውስጥ ሸሸገችው።

«እግዜር ይስጥልኝ» አለቻት።